ብርሌ ከነቃ በኋላ

«ብርሌ ከነቃ፣ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። ምሳሌው በቃል ደረጃ ስለ ብርጭቆ ይናገር እንጂ ዓላማው የሰውን ልጅ ግንኙነት መምከር ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ወዳጅነት እንደ ቀድሞው እንደማይገጥም ያስተምራል። ምክሩ ኃይል ያገኘው ግን ከዕቃው ባሕርይ ነው። ብረት ቢሰበር ባለ እጁ አግሎ ይቀጥለዋል፤ ሸማ ቢቀደድ ይጣፋል፤ እንጨት ቢሰነጠቅ በጠፍር ይታሰራል። ብርሌ ግን ከነቃ ጠጅ አይቀዳበትም፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም፤ ከደጅ ይጣላል። ታሪክስ ይህን ፍርድ ይቀበለዋልን? ከሺህ ዓመት በፊት በእስልምናው ዓለም ከተሞች የተሠሩት፣ ጌጥ የተፈለፈለባቸው የብርጭቆ ዕቃዎች ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ ይሰጣሉ።

እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው ከ8ኛው እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ በዛሬዎቹ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሶርያና ግብፅ የተሠሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጽዋ፣ ሳሕን፣ ማንቆርቆሪያና የሽቱ ብልቃጥ ይገኙባቸዋል። ከሌላው ብርጭቆ የሚለያቸው ከነፊው እጅ ወጥተው ከቀዘቀዙ በኋላ ሌላ ጥበበኛ እንደ ድንጋይ ፈልፍሎና ሞርዶ ጌጥ ያወጣባቸው መሆኑ ነው። ብርጭቆ በእሳት ላይ ሳለ እንደ ማር ይለመጣል፤ ለነፊው ትንፋሽና ለመቆንጠጫው ይታዘዛል። ሲቀዘቅዝ ግን ጠንካራም ተሰባሪም ይሆናል። እንዲህ ካለው ዕቃ ጋር በሻካራ መሣሪያ መታገል ትዕግሥትን ብቻ ሳይሆን ድፍረትን ይጠይቃል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቅጽበት ስሕተት ስብርባሪ ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

ጥበቡ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ከእስልምና መነሣት በፊት በኢራንና በሜሶጶጣምያ በነገሡት ሳሳናውያን ዘመን፣ ባለሙያዎች ወፍራም የብርጭቆ ጽዋዎችን ዙሪያቸውን በክብ በክብ እየፈለፈሉ የማር እንጀራ የመሰለ ጌጥ ያወጡባቸው ነበር። ከእነዚህ ጽዋዎች አንዱ ዛሬም በጃፓን አገር በናራ ከተማ፣ ሾሶይን በተባለው ጥንታዊ ግምጃ ቤት ውስጥ ሳይሰበር ይገኛል። የግምጃ ቤቱ ክምችት የተጀመረው በ756 እቴጌ ኮምዮ ያረፉትን ባለቤታቸውን የንጉሠ ነገሥት ሾሙን ንብረት ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ በሰጡ ጊዜ ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የሳሳናውያን መንግሥት ሲወድቅ ግን እቶኖቹ አልጠፉም። ዙፋን ሲገለበጥ ባለ እጁ ከስፍራው ይቀራል፤ አዲሱ ገዥም እንደ አሮጌው ሁሉ የሚጠጣበት ጽዋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአዲሱ ሥርዓት ሥነ ጥበብ የተገነባው አሮጌውን ሥርዓት ባገለገሉ እጆች ነው።

ጥበቡ ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰው በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት ነበር። በ836 ኸሊፋው አል ሙዕተሲም ከባግዳድ በስተ ሰሜን፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ሳማራ የተባለችውን አዲስ መናገሻ አቋቋመ። ከተማዋ እስከ 892 የዓባሳውያን መንግሥት መቀመጫ ሆና ቆየች። የቤተ መንግሥቶቿን ግድግዳ በለሰነው ኖራ ላይ፣ በእንጨት በሮቿም ላይ የወጣው በአግድም የተፋቀ ቅርጽ በብርጭቆ ዕቃም ላይ ታየ። ይህም የኖራው ለሳኝ፣ እንጨት ጠራቢውና ብርጭቆ ፈልፋዩ በአንድ የጌጥ ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር ያመለክታል።

የዕቃው መነሻ አሸዋና አመድ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ብዙ ብርጭቆ ሠሪዎች አሸዋውን ለማቅለጥ የሚጠቀሙበት በግብፅ ወዲ ናጥሩን ከሚገኙ ሐይቆች የሚወጣውን ናትሮን የተባለ ማዕድን ነበር። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን በጨዋማና በረሃማ ምድር የሚበቅሉ ተክሎች አመድ በስፍራው ተተካ። አሸዋ ውስጥ ያለው ብረት ብርጭቆውን አረንጓዴ ስለሚያደርገው፣ ቀለሙን ለማጥፋት ጥቂት ማንጋኒዝ ይጨመርበታል። ሁሉም በልኩ ከተቀላቀለ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ብርጭቆ ይገኛል። ነፊው በብረት ቧንቧው ጫፍ የጠቀለለውን ቅላጭ በትንፋሹ ይወጥረዋል፤ ኋላ ለሚፈልፍለው ባለሙያ ሲልም ግድግዳውን ያወፍረዋል። ከዚያ ዕቃው ቀስ በቀስ በሚበርድ ምድጃ ውስጥ ይቈያል። በድንገት የቀዘቀዘ ብርጭቆ በውስጡ ጭንቀት ይዞ ስለሚቀር፣ መንኮራኩሩ ገና ሲነካው ይፈነዳል።

ፈልፋዩ ዕቃውን በሚሽከረከር ትንሽ መንኮራኩር ላይ አስጠግቶ ይይዛል። መንኮራኩሩን በውሃ ወይም በዘይት በተለወሰ የጠንካራ ድንጋይ ዱቄት ይቀባዋል። እንዲያውም ብርጭቆውን የሚበላው ዱቄቱ ነው፤ መንኮራኩሩ ዱቄቱን የሚነዳ ሠረገላ ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ጌጥ በብዙ ዐይነት ይከፈላል። በክብ የሚፈለፈል አለ፤ በመስመር የሚሰነጠር አለ፤ እንደ አልማዝ ባለ ሹል ነገር ብቻ የሚጫር አለ። ከሁሉ ይልቅ አድካሚ የሆነው ምስሉ ከፍ ብሎ እንዲታይ ዙሪያውን ያለውን ብርጭቆ በሙሉ ፍቆ ማንሣት ነው። በዚህ ሥራ ወፍ ወይም ሚዳቋ የሚገኘው የቀረውን ሁሉ በማስወገድ ነው። አንዳንዴም ቀለም የለሹ ዕቃ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ብርጭቆ ይለበስና፣ ልባሱ ከምስሉ በቀር ተፍቆ ይነሣል። በአሜሪካ ኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም በ1985 የገዛው ማንቆርቆሪያ በዚህ ስልት በ1000 ገደማ የተሠራ ነው። ቁመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ አዳኝ ወፎች ሚዳቋዎችን ሲነጥቁ ያሳያል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የመንጋጋ ጥርስ ቅርጽ ያላቸው፣ በአራት ሹል እግሮች የሚቆሙ ጥቃቅን የሽቱ ብልቃጦች አሉ። እነዚህ በብዛት ስለተሠሩ የቤተ መንግሥት ብቻ አልነበሩም፤ የገበያውም ሰው ይገዛቸው ነበር።

ሥራው በማን ተሠራ? ይህ ጥያቄ ከጌጡ ይልቅ ከባድ ነው። በዕቃዎቹ ላይ በኩፋ ጽሕፈት የተቀረጹ ቃላት ሲገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዕቃው ባለቤት በረከትን የሚመኙ ናቸው። ዕቃው የሚመርቀው የገዛውን ነው፤ የሠራው እምብዛም አይነሣም። በሥራው ቦታ ስለነበረው ግንኙነት ጥቂት ብርሃን የፈነጠቁልን በ11ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ታላቁ ሊቅ አል ቢሩኒ ናቸው። ስለ ከበሩ ድንጋዮች በጻፉት መጽሐፍ፣ በባስራ ከተማ ክሪስታል የተባለውን የጠራ የተፈጥሮ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ገልጸዋል። አንድ መዳቢ ጥሬውን ድንጋይ ይመረምራል፤ ከእያንዳንዱ ምን ቢወጣ እንደሚሻል ይወስናል፤ ውሳኔውንም በድንጋዩ ላይ ጽፎ ለጠራቢው ያስተላልፋል። የመዳቢው ደመወዝ ከጠራቢዎቹ እጥፍ ድርብ ይበልጥ ነበር። አል ቢሩኒ ምክንያቱን ሲያስረዱ በዕውቀትና በጉልበት መካከል ያለውን ልዩነት ይጠቅሳሉ። የብርጭቆው ፈልፋይ የዚህ የድንጋይ ጠራቢ የሙያ ወንድም ነው። ሁለቱም በመንኮራኩርና በዱቄት ይሠራሉ፤ የብርጭቆውም ዕቃ ብዙ ጊዜ የውዱን ክሪስታል መልክ ለመምሰል ይጣጣር ነበር። ስለዚህ የጭንቅላት ሥራና የእጅ ሥራ የተለያዩበትና የተለያየ ዋጋ የተሰጣቸው ሥርዓት በዚያን ዘመንም የነበረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እኒሁ ሊቅ ክሪስታሉ ወደ ባስራ ከሚመጣባቸው ስፍራዎች መካከል የዘንጅን ደሴቶች፣ ማለትም የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ይጠቅሳሉ። በ1047 ካይሮ የገባው የፋርስ ባለቅኔና መንገደኛ ናስር ኩስራውም በፉስጣጥ የፋኖስ ገበያ ክሪስታል ጠራቢዎችን ማየቱን ጽፏል። በከተማይቱ የሚሠራው አረንጓዴ ብርጭቆ ጥራቱ ከፍ ያለ ከመሆኑ የተነሣ በሚዛን እየተመዘነ ይሸጥ እንደነበርም ይነግረናል። እንግዲህ አፍሪካ በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ተመልካች አልነበረችም፤ ጥሬ ዕቃ አቅራቢም፣ በፉስጣጥ አማካይነት ዋና አምራችም ነበረች።

ከጥበበኛው እጅ የወጣው ዕቃ ወዴት ሄደ? የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች ነገሥታት ነበሩ። በካይሮ የፋጢማውያን ግምጃ ቤት በብዙ ሺህ የሚቈጠር የክሪስታልና የብርጭቆ ዕቃ ተከማችቶ ነበር። በ1060ዎቹ ረኀብ አገሪቱን ሲፈጅ ደመወዛቸው የተቋረጠባቸው ወታደሮች ግምጃ ቤቱን በረበሩት፤ ሀብቱም በየገበያው ተበተነ። ሕዝብ እየተራበ የሚከማች ሀብት የሚጠብቀው ዕጣ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት ደግሞ የፔሩዝ ድንጋይ ቀለም ያለው፣ የሚሮጡ ጥንቸሎች የተፈለፈሉበት፣ በወርቅና በዕንቊ የተከፈፈ የብርጭቆ ሳሕን አለ። በሥሩ «ኮራሳን» የሚል ቃል በዐረብኛ ተጽፎበታል። በትውፊት እንደሚነገረው በ1472 የፋርሱ ገዥ ኡዙን ሐሰን ለቬኒስ ሪፑብሊክ የላከው ስጦታ ነው። በሌሎችም የኤውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት በሙስሊም እጅ የተጠረቡ የክሪስታል ብልቃጦች የቅዱሳን ዐፅም ማኖሪያ ሆነው ኖረዋል። የሃይማኖት ድንበር የጸናባቸው መንግሥታት በመስቀል ጦርነት ሲፋጁ፣ የባለ እጁ ሥራ ግን ድንበሩን ተሻግሮ በሌላው መንበር አጠገብ ተቀምጧል።

ወደ ምሥራቅም እንዲሁ ነው። በቻይና ሻንሺ ክፍለ አገር የፋመን ቤተ መቅደስ ግንብ በ1981 በከፊል ከፈረሰ በኋላ፣ በ1987 ከሥሩ ከ874 ጀምሮ ተዘግቶ የኖረ ዋሻ ተገኘ። በውስጡ ከነበሩት የንጉሥ ስጦታዎች መካከል ወደ ሃያ የሚጠጉ የብርጭቆ ዕቃዎች ይገኙበታል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰማያዊ መደብ ላይ በሹል ነገር የተጫረ ጌጥ ያለባቸው፣ ከእስልምናው ዓለም የመጡ ሳሕኖች ናቸው። የዋሻው ጥቅም በዕቃዎቹ ውበት ላይ ብቻ አይወሰንም። በሩ የተዘጋበት ዓመት ስለሚታወቅ፣ እንዲህ ያለው ሳሕን ከ874 በፊት መሠራቱ ያለ ክርክር ተረጋገጠ። በ1986 የተቈፈረው፣ በ1018 የሞተችው የሊያው ሥርወ መንግሥት ልዕልት የቼን መቃብርም ተመሳሳይ ምስክርነት ሰጥቷል። የቀን ማስረጃ ይዞ የተገኘ አንድ ዕቃ ለመቶ ወላጅ አልባ ዕቃዎች መካሪ ይሆናል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሰብሳቢው ተለወጠ። በንጉሡ ግምጃ ቤት ፈንታ ሙዚየሙና ባለሀብቱ ቀረቡ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄርዝፌልድ ከ1911 እስከ 1913 ሳማራን ቈፈረ። ግኝቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ፤ ወደ ለንደንም ተወስዶ ለልዩ ልዩ ሙዚየሞች ተከፋፈለ። ካርል ዮሐን ላም የሳማራን ብርጭቆ የሚመለከተውን መጽሐፍ በ1928 ሲያወጣ፣ ዕቃዎቹ ከተገኙበት አገር ርቀው ነበር። በኮራሳን የምትገኘውን ኒሻፑርን ደግሞ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ1935 እስከ 1940፣ ከጦርነቱ በኋላም በ1947 ቈፈረ። ግኝቱ ለቴህራንና ለኒው ዮርክ ተከፈለ። የኒሻፑር ዝና ሲነግሥ ግን ሌላ ቈፋሪ ተነሣ። የድሆች አካፋ በሌሊት መሬቱን ፈለፈለ፤ ነጋዴው ከቈፋሪው በርካሽ ገዛ፤ ዕቃው ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው እየተላለፈ የትውልድ ስፍራውን ስም አጣ። ሻጭ ዋጋ እንዲያወጣለት ሲፈልግ «የኒሻፑር ነው» ይላል፤ የሚመሰክር ግን የለም።

ሰብሳቢነትን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ግን ፍትሕ አይሆንም። ገበያው ምን ያህል ዕውር ሊሆን እንደሚችል በ2008 የተፈጸመ አንድ ነገር ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በአንድ የገጠር ሐራጅ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ የ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ የወይን ዕቃ ነው ተብሎ ከ100 እስከ 200 ፓውንድ ተገመተ። ዕቃው የፋጢማውያን ዘመን የክሪስታል ሥራ መሆኑን የተረዱ ሰዎች ስለነበሩ 220,000 ፓውንድ ወጣለት። ያ ሽያጭ ተሰርዞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ለንደን ላይ በድጋሚ ሲቀርብ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዕቃው በጥቂት ወራት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎች ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሰብሳቢ ከመጥፋት ያድናል ማለት ነው። በአንፃሩ ደግሞ በመስታወት ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ራሱ ዋስትና አይደለም። ለፋጢማውያን የጦር አለቃ ለሑሴን ኢብን ጀውሃር የተሠራው ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ በ1998 በፍሎሬንስ ሙዚየም ውስጥ ከእጅ ወድቆ ተከስክሷል።

በኩዌት ሼክ ናስር ሳባሕ አል አሕመድ አል ሳባሕ ስብስባቸውን በ1975 የጀመሩት በአንድ የ14ኛው መቶ ዓመት የብርጭቆ ጠርሙስ ነበር። ስብስቡ እያደገ ሄዶ ከመጀመሪያዎቹ የእስልምና መቶ ዓመታት የተፈለፈሉ ዕቃዎችንም ያዘ፤ ከ1983 ጀምሮም ለሕዝብ ተከፈተ። በነሐሴ 1990 የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲወር ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ ሕንፃው ተቃጠለ፤ ስብስቡ ወደ ባግዳድ ተጫነ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙው በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ተመለሰ። ሊመለስ የቻለው ዕቃው በመዝገብ ስለተያዘ ነው። መዝገብ የሌለው ቅርስ ሲሰረቅ አቤት የሚልበት ቋንቋ የለውም። በሚያዝያ 2003 ደግሞ የባግዳድ ሙዚየም ራሱ ሲዘረፍ ዓለም ተመለከተ።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ጥበብ እጅግ ብዙ ያስተማረው ከግምጃ ቤትም ከሐራጅም አልመጣም፤ ከቆሻሻ ክምር መጣ። በ1973 አንድ ቱርካዊ ስፖንጅ ጠላቂ ከሮድስ ደሴት ትይዩ በሚገኘው በሰርቼ ሊማኒ ወደብ የሰጠመ መርከብ መኖሩን ጠቈመ። ጆርጅ ባስ የመሩት ቡድን ከ1977 እስከ 1979 የባሕሩን ወለል ቈፈረ። 15 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ይህ መርከብ ሦስት ቶን ብርጭቆ ጭኖ ነበር፤ ሁለቱ ቶን ጥሬ ብርጭቆ፣ አንዱ ቶን ግን የተሰበረ ዕቃና የእቶን ውድቅዳቂ ነው። ነጋዴው ስብርባሪ የጫነው አብዶ አይደለም። የተሰባበረ ብርጭቆ ከአሸዋና ከአመድ ይልቅ በቀላሉ ስለሚቀልጥ ማገዶ ይቆጥባል። መርከቡ የሰጠመበት ጊዜ የታወቀውም በብርጭቆ ነው። ከተገኙት የፋጢማውያን የብርጭቆ ሚዛን ክብደቶች መካከል የመጨረሻው የ1024 ወይም የ1025 ነበር።

በመቶ ሺህ የሚቈጠሩት ስብርባሪዎች በቦድሩም ከተማ ለዓመታት እየተለዩና እየተገጣጠሙ፣ ከ10,000 እስከ 20,000 ከሚገመቱ ዕቃዎች የመጡ መሆናቸው ታወቀ። አንበሳ የተፈለፈለባቸው ጽዋዎች፣ በመስመር ያጌጡ ጠርሙሶች፣ ተራ ሳሕኖች አብረው ተገኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ የተሠራው ጌጠኛውና ተራው፣ የተሳካውና የተበላሸው ጎን ለጎን ታየ። የኮርኒንጉ ማንቆርቆሪያ ፍጹም ውብ ነው፤ ነገር ግን የት እንደተሠራ ሲጠየቅ ሊቃውንቱ «ምዕራብ እስያ ወይም ግብፅ» ከማለት አያልፉም። የሰርቼ ሊማኒ ስባሪ ቊራጭ ነው፤ ነገር ግን ከማን ጋር እንደተጓዘ፣ በምን ዘመን እንደሰጠመ ይመሰክራል። የነቃ ብርሌ ለጠጅ ዕቃ አይሆንም፤ ለታሪክ ግን የወደቀበት ስፍራ ከታወቀ ምስክር ነው። ታሪክ ላይ ዳግም የማይጠገነው ስንጥቅ ዕቃውን ከተገኘበት አፈር የሚለየው ስንጥቅ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ምክንያት በአገራችን አለ። በድሬዳዋና በሐረር መካከል በሚገኘው በሐርላ ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው ቍፋሮ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድና የጌጣጌጥ ሠሪዎች ሥራ ቦታ ተገኝቷል። በ2017 ከተገለጹት ግኝቶች መካከል የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪ፣ የብርጭቆ ጨሌና የክሪስታል ድንጋይ ይገኙበታል። ከግብፅ፣ ከየመን፣ ከሕንድና ከቻይና ጋር የነበረው ንግድም በሳንቲምና በሸክላ ተረጋግጧል። አካባቢው ሰው ሲያርስ የጥንት ሳንቲምና ስባሪ ማግኘቱ የቆየ ነገር ነው። ስባሪው ለቱሪስት በጥቂት ብር ሲሸጥ ሻጩ ያገኘው ጥቂት ብር ነው፤ አገር ያጣችው ግን አንድ የታሪክ ዐረፍተ ነገር ነው።

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሁሉ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ደንግጓል። ሕግ ግን በገበሬው ደጅ የሚደርሰው በሰው አፍ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ ከማሳ ያነሡትን ስባሪ ይዘው ሲመጡ «ከየት አነሣችሁት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ። የቀበሌው ሹም ያገኘው ሰው እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ባለውለታ እንዲታይ ያድርግ። የኪነ ጥበብ ሰውም በመድረኩና በብዕሩ ለባለቤቱ የተጻፈውን በረከት ትቶ፣ ስሙ ሳይጻፍ ቀርቶ እጁ ግን በብርጭቆው ላይ ስለቀረው ሠራተኛ ይናገር። የዚያ ሠራተኛ እጅ የሚታወቀው በስባሪው ነው፤ ስባሪውም የሚናገረው ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።